ቢላዋ የሌለበት ቤት

ሽማግሌ የሚቀበል ቤት ሽንኩርቱን ጎረቤት አስከትፎ ሲያመጣ ያየ እንግዳ ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም። ከቡሬ ወጣ ብሎ ፈጠም ወንዝ አጠገብ ያለውን የአዛናውን ቤት የሚያውቅ ግን አይስቅም። በዚያ ቤት ቢላዋ የለም። ማጭዱም፣ መጥረቢያውም፣ ምላጩም የሚያድሩት ጎረቤት ነው። ጎመን በእጅ ይቀነጠሳል። የፋሲካው በግ ሌላ ግቢ ታርዶ፣ ሥጋው ተከትፎ ይመጣል። የአጥሩ እሾህ እንኳ ተነቅሎ በቦታው ቅንጭብ ተተክሏል።

ዘርትሁን የተከተፈውን ሽንኩርት በሳህን ይዛ በግቢው በር ስትገባ እንደ ልማዷ ዋንዛውን ሳታይ አለፈች። ልቧ ግን በር በሩን ያይ ነበር። ዛሬ የወደደችው የደርበው ዘመዶች ለሽምግልና ይመጣሉ። ደሟን ለክተው ወይ ይፈቅዱላታል፣ ወይ ደግሞ እንደ መጡ ይመለሳሉ። ከተመለሱ ሌላ ሽማግሌ ይህን ደጅ እንደማይረግጥ እሷም፣ አባቷ አዛናውም፣ ጎረቤቱም ያውቃሉ።

የዋንዛውን ነገር ሳይናገሩ መቀጠል አይቻልም። የእናቷ የጌጥነሽ አያት በጉልምስናው ዘመን ፈጠም መሻገሪያ ላይ ሙጬ የሚባል ሰው ገደለ። ሽማግሌ ገብቶ «ካስ፣ ታረቅ» ቢለው አሻፈረኝ አለ። ከዚያ ወዲህ ነው አሉ፣ ከዚያ ወገን የሚወለድ ወንድ ደሙ መቆም ያቃተው። የጌጥነሽ ወንድሞች በዚሁ አለቁ። የበኩር ልጇም በተገረዘ ዕለት ሄደ። ደም መፍሰስ ሲጀምር ሙጬ በቀትር መጥቶ ዋንዛው ሥር ይቀመጣል፤ ፊቱን ወደ ወንዙ፣ ጀርባውን ወደ ቤቱ አድርጎ። አይናገርም፣ አይዞርም። ደሙ ሲያልቅ ተነሥቶ ይሄዳል።

ዘርትሁን አንድ ጊዜ አይታዋለች። አመዳም ጋቢና ቀጭን ማጅራት ነው ያየችው። ያን ዕለት የመጨረሻው ወንድሟ ሐብቴ ጥርሱ ወልቆ መድማት ጀምሮ ነበር።

ደርግ ከየቤቱ ወንድ ልጅ ለውትድርና በሚለቅምበት በዚያ ዘመን፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የአዛናውን ደጅ ሳያንኳኳ ያልፍ ነበር። የሚወሰድ ወንድ አልነበረማ!

ደርበውን ያመጣው ያው የሐብቴ ጥርስ ነው። ደርበው የአዴት ልጅ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንዲት ክሊኒክ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆኖ ተቀጥሯል። ቀይ፣ ረዥም፣ ሲያፍር ጆሮው የሚቀላ ሰው ነው። እናትና እኅት ልጁን ይዘውለት ሲመጡ ከመሳቢያው ከናስ የተሠራች፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ሳጥን አወጣ። ሞላዋ ተወጥሮ ቁልፏ ሲጫን ከውስጧ ትንሽ ስለት ብቅ ትልና የጆሮን ጫፍ ነክሳ ትመለሳለች። ደሙ በየግማሽ ደቂቃው በመጣጭ ወረቀት ይነካል። በወረቀቱ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ይሰለፋል፤ እያነሰ፣ እያነሰ ይሄድና ወረቀቱ ነጭ ሲወጣ ደሙ ቆመ ይባላል። ቁስል ለስንት ጊዜ እንደሚደማ የሚለኩት እንዲህ ነው።

የሐብቴ ወረቀት ቶሎ ነጭ ወጣ። ደርበው ደስ ብሎት «እናቴ፣ አይዞዎት፣ ልጅዎ ምንም አይለውም» አላቸው።

ሐብቴ ግን ከአፉ መድማቱን አልተወም። ደርበው ጥጥ በጣቱ ይዞ ድዱን ተጭኖ ዋለ፣ ተጭኖ አደረ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ልጁ እጁ ላይ ቀዘቀዘ።

አስከሬኑን ተከትሎ ቡሬ ድረስ መጣ፤ ከዘመድ በላይ አለቀሰ። ዘርትሁን የወደደችው ያን ዕለት ይሁን፣ ወይስ በኋላ በየገበያው ቀን እህል ተራው ጋ ቆሞ ምንም ሳይገዛ ሲያያት፣ እሷም ለይታ አታውቀውም። ደብዳቤ ይጽፍላት ነበር። መሠረተ ትምህርት ፊደል ያስቆጠራት ለዚህ ብቻ እስኪመስላት ድረስ እየደጋገመች ታነበው ነበር።

ያሳደገው አጎቱ አቶ ሃይለ ሚካኤል ግን ነገሩን ሲሰሙ «ደሙ የማይቆም ዘር ውስጥ እኔ ቁሜ አትገባም» አሉ። በአዴት ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። ደርበው ብዙ ለመነ። በመጨረሻ ያመጣው ሐሳብ ነው ለዛሬ ያደረሳቸው፤ «ደሟን በፊታችሁ እለካዋለሁ። ካልቆመ እኔው እተዋለሁ» አለ።

እርሳቸውም ነገሩን ወደዱት። ሰባት ቤት ከሚቆጥሩት የዘር ቆጠራ ጋር አንድ አድርገው አዩት።

* * *

ደርበው ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ደረሰ። ግንባሩን ይዞ ነበር።

«ምነው? ፊትህ ልክ አይደለም» አለችው።

«ራሴን ሊፈልጠኝ ነው። ከቡሬ ጀምሮ በእግሬ፣ በዚህ ፀሐይ!»

ሮጣ ገባች። አባቷ ለጉልበቱ የሚወስደው አስፕሪን ነበር፤ ከእሱ ጥቂት ፍሬ አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። እጇ መዳፉ ላይ ከሚገባው በላይ ቆየ። እሱም እጁን አልሰበሰበም። ጆሮው ቀላ፤ ክኒኑንም ዋጠው።

ያን ጊዜ ነው ናሷን ሳጥን በኪሱ ውስጥ ያየቻት።

«ይቺው ናት? ሐብቴን የወጋህባት?»

ደርበው ወደ መሬት አየ። «ይቺው ናት።»

የሐብቴ ወረቀት ነጭ መውጣቱን ሁለቱም በዓይናቸው አይተዋል። ይቺ ሳጥን የዚህን ቤት በሽታ እንደማታይ ሁለቱም ያውቃሉ። ደርበው ያመጣት ሽማግሌዎቹን ሊያሳምንባት እንጂ እውነቱን ሊያውቅባት አይደለም። ዘርትሁን ይህን ሲገባት መቆጣት ነበረባት። እሷ ግን ደስ አላት፤ ለእሷ ሲል መዋሸቱ ደስ አላት። ወዲያውም ከጀርባዋ፣ ከዋንዛው በኩል ቀዝቃዛ ነገር የነካት መሰላትና ነጠላዋን ሳበች።

* * *

ሽማግሌዎቹ ደረሱ። ተበላ፣ አረቄውም ዞረ። ደርበውም ፍርሃቱን ሊያባርርበት ከወትሮው አብዝቶ ጠጣ። ዘር ተቆጠረ፤ በሰባት ቤት ዝምድና አልተገኘም። አቶ ሃይለ ሚካኤል ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው «እንግዲህ የቀረን ደሙ ነው» አሉ።

ዘርትሁን መሐል ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጌጥነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ቤቷ ስለት በገባ ቁጥር ሰው ቀብራለች።

ቀጭ!

ንብ የነከሳት ያህል ነው የተሰማት። ደርበው ሰዓቱን እያየ ወረቀቱን ያስነካል፤ ነጠብጣቡ ይሰለፋል። ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ፣ የመርፌ ጫፍ። ከዚያም ነጭ።

«ቆመ!» አሉ አንዱ ሽማግሌ፤ ሌላውም «እሰይ» አሉ። አዛናው ትንፋሹን ለቀቀ።

አቶ ሃይለ ሚካኤል ግን ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ ያዙት። «መልካም ነው። ግን እኛ ጤነኛ ደም ለስንት ጊዜ እንደሚፈስስ በምን እናውቃለን? እስኪ ያንተንም ለካና እናወዳድር።»

ደርበው ሳቀ። ስለቱን በስፒሪት ጠራረገ፣ ሞላዋን ወጠረ፣ የራሱን ጆሮ ወጋ። ወረቀቱንም እየሳቀ ነበር ያስነካው።

የመጀመሪያው ነጠብጣብ ትልቅ ነበር። ሁለተኛውም ትልቅ። ሦስተኛው ከሁለተኛው አላነሰም።

የዘርትሁን ደም በቆመበት ሰዓት የእሱ ገና እንደ ጀመረ ነበር። ወረቀቱ ሞላ፤ ሌላ ወረቀት ያዘ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ደሙ በጆሮው ጫፍ እየተጠራቀመ ወደ አንገቱ ይወርዳል፣ የነጭ ሸሚዙን ኮሌታ ያቀላል። ደርበው ሰዓቱን ያያል፣ ጆሮውን ይነካል፣ እንደገና ሰዓቱን ያያል።

«ሙጬ ተቀመጠ» አለች ጌጥነሽ በሹክሹክታ።

ውጭ ቀትር ነበር። ዘርትሁን ማየት አልፈለገችም፤ አንገቷ ግን በራሱ ዞረ። በተከፈተው በር፣ ከዋንዛው ሥር፣ አመዳም ጋቢ የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ ነበር።

ገባት፤ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባት። እሷና ደርበው ዋሹ፤ ሙጬ ሰማ። ወንድ ፈልጎ ከዚህ ቤት ቢያጣ፣ ሊገባ ያለውን ወንድ ያዘ። ለሙጬ ያቀበለችውም እሷ ናት፤ እጇ መዳፉ ላይ የቆየው ለዚህ ነው።

«ተነሥ!» አሉ አቶ ሃይለ ሚካኤል፤ ድምፃቸው ተሰብሯል። «ተነሥ ልጄ፣ ሳይጨርስህ እንውጣ!»

«ጋሼ፣ ቆይ፣ የሆነ ስሕተት አለ። የዚያኛውን ጆሮ ልየው...» ሞላዋን መልሶ ወጥሮ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ ይዘው ሲያነሡት ሳጥኗ ከእጁ መደቡ ላይ ወደቀች።

ዘርትሁን በር ላይ ቆመች። አሁን ዋንዛው ሥር ማንም አልነበረም።

«ሂድ» አለችው። «ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጣ።»

«ዘርትሁን፣ ስሚኝ...»

«አልሰማም! ጻፍልኝም አላልኩህ። ከፊቴ ጥፋ!»

እስከ ቅንጭቡ አጥር ድረስ እየዞረ እያያት ሄደ። የጠላችው መሰለው፤ እሷም እንዲመስለው ጥርሷን ነክሳ ቆመች። ከዓይኗ ሲሰወር ያ የነካችው መዳፉ ትዝ አላትና የገዛ እጇ አስጠላት።

* * *

ሳጥኗ እዚያው መደቡ ላይ ቀረች። የሚነካት ጠፋ። ጌጥነሽ በወንፊት ከደነቻት፤ እንደ እባብ በሩቁ እየዞረቻትም ትሄድ ነበር። ቢላዋ በሌለበት ቤት ስለት ገብታ ተቀመጠች።

የደርበው ደብዳቤዎች በቡሬ በኩል መጡ። ዘርትሁን አንዱንም አልከፈተችም፤ ከፈትኩት ማለት ጠራሁት ማለት ነው ብላ ፈራች። በሕይወት መኖሩን ግን ከፖስታው ላይ ካለው እጅ ጽሑፉ ታውቅ ነበር። አንድ ደብዳቤ ሲመጣ አንድ ሳምንት ትተነፍሳለች።

አንድ ቀን በቀትር፣ ቤቱ ጭር ባለበት፣ ከወንፊቱ ሥር ድምፅ ተሰማ።

ቀጭ!

ጌጥነሽ ጮኻ ወጣች። ሞላው ተወጥሮ ስለ ቀረ ለቀቀ ማለት ይቻላል፤ አዛናውም እንዲያ አለ። ጌጥነሽ ግን «እየጠራው ነው፤ የጀመረውን ሊጨርስ እየጠራው ነው!» ብላ ዕቃዋ ከቤት ካልወጣ እንደማትገባ ማለች።

በማግስቱ ዘርትሁን ሳጥኗን በጨርቅ ጠቅልላ ተነሣች። አባቷ መኪና ወደሚቆምበት ቡሬ ሊያደርሳት አብሯት ወጣ። አዛናው የመንገድ ወሬ የማይወድ ሰው ነው። እግር በእግር ተከታትለው ፈጠም ደረሱ።

«አባዬ፣» አለች መሻገሪያው ላይ፣ «እምዬን ሲያገቧት ስለ ወገኖቿ ሰምተው ነበር?»

«ሰምቻለሁ።»

«ከልካይ አልነበረዎትም?»

«ሞልቶ!» አለ አዛናው። ጥቂት ሄደና ቆመ። «ሐብቴ ሲስቅ ትዝ ይልሻል? በአፍንጫው ነበር የሚስቀው።»

ዘርትሁን የያዘችውን ጥቅል ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ሙጬ ወሰደው ይላሉ። እሽ ይሁን፣ ወሰደው። ያን ሁሉ ዘመን ግን የኔ ነበር። እርሻ ስውል ውኃ ይዞልኝ ይመጣ ነበር። እነዚያ ከልካዮቼን ሰምቼ ኑሮ ቢሆን ኸማን ጋር እስቅ ነበር?» ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «ሂጂ አሁን፤ መኪናው ያመልጥሻል።»

* * *

እስከ ፍኖተ ሰላም ሳጥኗን ጭኗ ላይ ይዛ ሄደች። አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር ስለቷ ጨርቁን ቀድዳ የምትወጣ ይመስላት ነበር። ክሊኒኩ ስትደርስ ቀትር ሆኗል፤ ሌላው ሠራተኛ ለምሳ ወጥቷል። ደርበውን ብቻውን ማይክሮስኮፑ ላይ አቀርቅሮ አገኘችው። ከስቷል፤ ግን በሕይወት አለ።

«ዕቃህን ይዤልህ መጣሁ» አለች፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ በሩ ዞረች።

«ደብዳቤዎቼን አንብበሻል?»

«አላነበብኩም።»

«እንግዲያው ቁጭ በይ። አንዴ ስሚኝና ሂጂ።»

አልተቀመጠችም፤ አልሄደችም።

«ያደማኝ የሰጠሽኝ አስፕሪን ነው» አላት። «ሐኪማችን ስነግረው ሳቀብኝ። አስፕሪን የዋጠ ሰው ደሙ ቶሎ አይቆምም፤ አረቄ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በትምህርት ቤት ተምሬው ነበር፤ ያን ዕለት ግን በፍርሃት ጠፋብኝ። ሌላ ምንም የለም፣ ዘርትሁን።»

«ዋንዛው ሥር ተቀምጦ ነበር። አይቼዋለሁ።»

«አይተሽ ይሆናል። አላየሽም አልልሽም» አለ ደርበው ቀስ ብሎ። «እኔ የፈራሁት ሌላ ነው። እዚያ ስደማ ሐብቴ ነው ትዝ ያለኝ። በእሱ ላይ የዋሸችውን ሳጥን ይዤ፣ በእሱ ቤት፣ እንደገና ልዋሽባት መጣሁ። እውነቱን ልንገርሽ። በዚህ በሽታ ትንሿ ቀዳዳ ትደፈናለች፤ የምትገድለው ጥልቋ ናት። መውጊያዋ አታያትም። በሽታው ደግሞ በእናት በኩል ነው የሚሻገር። አንቺ ሳትደሚ ልትሸከሚው ትችያለሽ። ወንድ ልጅ ብንወልድ...»

«ጨርሰው።»

«እንደ ሐብቴ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ለጋሼም ይህንኑ ነገርኳቸው፤ ዋሽቻችኋለሁ አልኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«አልሸመግልም አሉ። ግድ የለም፤ እምቢ ካላልሽ ብቻዬን እመጣለሁ።»

ሰው ሁሉ ከእሷ የሚደብቀውን፣ በቤታቸው በሹክሹክታ የሚነገረውን፣ ይህ ሰው ፊት ለፊት ነገራት። እያወቀ ነው የሚፈልጋት። አባቷም እያወቀ ነበር። ያ ፍርሃት ግን ከእጇ ላይ አልወረደላትም።

«ስለ አስፕሪኑ ያልከውን ማመን እፈልጋለሁ» አለች። «እጄ ግን አያምንም።» ጨርቁን ፈታች። «ጆሮህን ስጠኝ፤ እኔ ልውጋህ።»

ደርበው ደነገጠ። በሕይወቷ ቢላዋ ጨብጣ የማታውቅ ልጅ መሆኗን ያውቃል። ከዚያ ምንም ሳይል ስለቷን በስፒሪት ጠረገ፣ ሞላዋን ወጥሮ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ፀጉሩን ከጆሮው ላይ ገፋ።

ናሷ ቀዝቃዛ ነበረች። ዘርትሁን ጆሮውን ያዘች፤ ትኩስ ነው፣ ቀልቷል። ዓይኗን መጨፈን ፈለገች፤ አልጨፈነችም።

ቀጭ!

ደሙ ወጣ። ትልቅ፣ ጥቁር ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ። ወረቀቱን አስነካች፤ አጥብቃ ስለ ተጫነችው ነጠብጣቡ ተጨማለቀ። ሁለተኛውን አስነካች። ሁለተኛውም ትልቅ ነበር። በመስኮቱ፣ በግቢው ባሕር ዛፍ ሥር፣ ጋቢ የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። በሽተኛ ይሆናል፤ ተራ ጠባቂ ይሆናል። ዘርትሁን ዓይኗን ከእሱ ላይ ነቅላ ወደ ጆሮው መለሰች።

«አይሆንም» አለች፤ ለማን እንደ ተናገረች ግን ደርበው አልገባውም። «ይኼን አልሰጥህም።»

ሦስተኛው አነሰ። አራተኛው ከሦስተኛው አነሰ። ከዚያ የጤፍ ፍሬ የምታክል አንዲት ነጥብ ወጣች። ዘርትሁን መተንፈስ አቁማ ወረቀቱን እንደገና አስነካችና ወደ ብርሃኑ አነሣችው።

ነጭ ነበር።

በመስኮቱ አየች። ጋቢ የለበሰው ሰው ተነሥቷል፤ ልብሱን አራግፎ ወደ ግቢው በር ይሄዳል። አሁንም ፊቱን አላየችውም፤ እንዲዞርላትም አልፈለገች። ሳታለቅሰው የቆየችው ለቅሶ፣ ለሐብቴ ያልወጣላት ሳይቀር፣ ያን ጊዜ መጣ። ወረቀቱ ከእጇ ወደቀ። ጆሮውን በጣቶቿ መሐል ያዘች፣ ግንባሯን ከፀጉሩ ላይ አሳረፈች፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

«ዘርትሁን፣» አላት ደርበው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ቀስ ብሎ፤ «ደሙ እኮ ቆሟል።»

«አውቃለሁ» አለችው። እጇን ግን አላነሣችም።